የቤይሩት ወንዞች ሲሞቁ፦ ቀዝቃዛ ምንጭ ያጣ ዓሣ ወዴት ይሄዳል?

ከሊባኖስ ተራሮች ተነሥተው ወደ ሜድትራኒያን ባሕር የሚወርዱ ወንዞች ጉዟቸው አጭር ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲቆጠሩ ናህር ኢብራሂም፣ ናህር አል-ከልብ፣ ናህር ቤይሩትና ዳሙር የተባሉት ወንዞች በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ውስጥ ከበረዶማው የተራራ ጫፍ እስከ ባሕር ዳርቻ ይደርሳሉ። በምንጫቸው ላይ እጅን የሚያደነዝዝ ቅዝቃዜ ያላቸው ውሆች ከዋና ከተማዋና ከዳርቻዎቿ ሲደርሱ ሙቅ፣ ቀጭንና ቆሻሻ ሆነው ይታያሉ። በዚህች አጭር መንገድ ላይ የሚኖሩ የንጹሕ ውሃ ዓሦች የመኖሪያ ስፍራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ነው።

የሜድትራኒያን አካባቢ ከዓለም አማካይ በ20 በመቶ ፈጥኖ በመሞቅ ላይ እንደሚገኝ የቀጣናው የአየር ንብረት ጠበብት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሰፊ የግምገማ ዘገባ ገልጸዋል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር የአካባቢው ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። ቁጥሩ ለሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መቆጣጠር ለማይችል፣ ከሚዋኝበት ውሃ ጋር አብሮ ለሚሞቅና ለሚበርድ ፍጡር ግን እንዲህ ያለው ለውጥ በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ሙቀት ዓሣን እንዴት ይጎዳል?

ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በስንጥቡ እያጣራ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር ኦክስጅንን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በሊትር 11.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። በ20 ዲግሪ ይኸው መጠን ወደ 9.1፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ ወደ 7.6 ዝቅ ይላል። በአንጻሩ የዓሣው ሰውነት ሲሞቅ የኦክስጅን ፍላጎቱ ይጨምራል፤ በ10 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ፍላጎቱ እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል። እንግዲህ የሞቀ ውሃ በዓሣው ላይ ሁለት ጊዜ ይጫናል፤ የሚያስፈልገውን እየጨመረ የሚሰጠውን ይቀንስበታል።

በሊባኖስ በስፋት የሚረባው ቀስተ ደመናማው ትራውት ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ይህ ዓሣ የሚመቸው ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ውሃ ሲሆን፣ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ መብላት ያቆማል፤ ወደ 25 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ለሞት ይቃረባል። በቤይሩት ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ትራውት በአብዛኛው ከሄርመል አካባቢ፣ ከአሲ ወንዝ ዳርቻ እርባታዎች የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ስፍራ ከምድር ውስጥ የሚፈልቀው ታላቅ ምንጭ በበጋም ቢሆን ቅዝቃዜውን አይለቅም። ምንጩ ከቀነሰ ወይም ከሞቀ የእርባታው ሥራ ወዲያውኑ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሙቀቱ የሚጎዳው በቀጥታ ብቻ አይደለም። ለባዕዳን ዝርያዎችም በር ይከፍታል። ከአሜሪካ የመጣችውና ትንኝን ለመከላከል ተብሎ በመካከለኛው ምሥራቅ ውሆች የተለቀቀችው ጋምቡዚያ የተባለች ትንሽ ዓሣ፣ ሌሎች ዓሦች የማይቋቋሙትን ሙቀትና የኦክስጅን እጥረት ችላ ትኖራለች። ውሃው በሞቀና በቀነሰ ቁጥር ነባሮቹ ሲዳከሙ እርሷ ትበረታለች፤ የነባሮቹን እንቁላልና ጫጩትም ትበላለች።

በአጭር ወንዝ የሚኖሩ ትናንሽ ነባሮች

ሊባኖስ ትንሽ አገር ብትሆንም በውሆቿ የሚኖሩ ዓሦች ለሥነ ፍጥረት ጠበብት ትልቅ ዋጋ አላቸው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሎርቴ እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተሙት ሥራ፣ ከያሙኔ ሐይቅ ያገኟትን አንዲት ጣት የምታህል ዓሣ ለሳይንስ አስተዋውቀው በሊባኖስ ስም ሰይመዋታል። ይህች ዓሣ ከዚህ አካባቢ ውጭ በዓለም ላይ የትም አትገኝም። እዚህ ከጠፋች ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት አይቻልም ማለት ነው።

በባሕር ዳርቻው ወንዞች የምትታወቅ ሌላ ትንሽ ዓሣም አለች። በባሕር ውስጥ ካሉት የብሌኒ ዓሦች ወገን ብትሆንም ኑሮዋን በንጹሕ ውሃ አድርጋለች። እንስቷ እንቁላሏን በድንጋይ ሥር ትጥላለች፤ ተባዕቱም እስኪፈለፈል ድረስ ይጠብቃል። ድንጋዩ በደለል ከተሸፈነ ወይም ውሃው በመካከል ከደረቀ ትውልዱ በዚያው ይቀራል።

ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጉዞ ያለው ግን ኢል የተባለው እባብ መሰል ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ የሚፈለፈለው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ በሳርጋሶ ባሕር ነው። ጫጩቶቹ በውቅያኖስ ሞገድ እየተገፉ በሜድትራኒያን በኩል አልፈው ወደ ሊባኖስ ወንዞች ይገባሉ። በወንዝ ውስጥ ለዓመታት ካደጉ በኋላ ለመራባት ያንኑ ሺህ ኪሎ ሜትሮች መልሰው ይዋኛሉ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ዝርያ እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ መድቦታል። ወደ አውሮፓ ወንዞች የሚደርሱት ጫጩቶች ከ1980ዎቹ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሰዋል። ለዚህ ዓሣ የአንዲት ወንዝ አፍ መድረቅ የዕድሜ ልክ ጉዞውን ያሰናክልበታል።

ናህር ቤይሩት፦ ጥላ ያጣ ወንዝ

ናህር ቤይሩት ከሐማናና ከፋሉጋ አካባቢ ምንጮች ተነሥቶ በሸለቆ ይወርድና የዋና ከተማዋን ምሥራቃዊ ወሰን ይዞ በካራንቲና በኩል ወደ ባሕር ይገባል። በግራው ቤይሩት፣ በቀኙ ሲን ኤል ፊልና ቡርጅ ሐሙድ ይገኛሉ። በቡርጅ ሐሙድ፣ በነብዓና በዶራ የሚኖሩ ወይም በዕረፍት ቀናቸው ለገበያና ለምግብ ወደዚያ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ወንዝ በሚገባ ያውቁታል። የሚያውቁት ግን እንደ ወንዝ ሳይሆን፣ በሁለት የሲሚንቶ ግድግዳዎች መካከል እንደሚፈስ፣ በበጋ ሽታው እንደሚያስቸግር የፍሳሽ ቦይ ነው።

የወንዙ የታችኛው ክፍል በ1960ዎቹ ከጎርፍ ለመከላከል ሲባል በሲሚንቶ ተገንብቷል። ይህ ሥራ ጎርፉን ለመግታት ቢረዳም ወንዙን ከጥላው፣ ከጠጠሩና ከከርሰ ምድር ውሃው ለይቶታል። በዛፍ ጥላ ሥር በጠጠር ላይ የሚሄድ ውሃ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፤ ዓሣም በሙቀት ጊዜ የሚጠለልበት ጥልቅ ጉድጓድ ያገኛል። በፀሐይ በተቃጠለ ሲሚንቶ ላይ የሚዘረጋ ስስ ውሃ ግን ከአየሩ ጋር አብሮ ይሞቃል። በዚህ ላይ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 የወንዙ ውሃ በድንገት እንደ ደም ቀልቶ መታየቱና መንስኤውም ወደ ወንዙ የተደፋ ማቅለሚያ መሆኑ በወቅቱ የዓለም መገናኛ ብዙኃን መነጋገሪያ ነበር።

በደቡባዊው የከተማዋ ዳርቻ የሚያልፈው የጋዲር ወንዝ ዕጣም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በሐይ ኤል ሲሉምና በሹወይፋት በኩል ጥቅጥቅ ባሉ ሰፈሮች መካከል አልፎ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወደ ባሕር ይገባል። በክረምት ቤቶችን ያጥለቀልቃል፤ በበጋ የፍሳሽ መውረጃ ይሆናል። ፍሳሽ በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅንን ይጨርሳል። ሙቀት ቀድሞ ኦክስጅኑን በቀነሰበት ወንዝ ውስጥ ይህ ተጨማሪ ሸክም ለዓሣ የመጨረሻው ነው።

የቀርዑን ሐይቅ ያስተማረው

ሙቀትና ብክለት ሲገናኙ ምን እንደሚከተል በግልጽ የታየው ከቤይሩት ባሻገር፣ በደቡባዊው የበቃዕ ሸለቆ ነው። ሊታኒ የሊባኖስ ረጅሙ ወንዝ ሲሆን 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ወንዝ ላይ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረው ግድብ የፈጠረው የቀርዑን ሐይቅ 220 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም አለው። ካልተጣራ የከተሞች ፍሳሽ፣ ከፋብሪካዎችና ከእርሻ ማዳበሪያ የሚመጣው ንጥረ ነገር ለዓመታት በሐይቁ ተከማችቷል። በሞቃት ወራት መርዝ የሚያመነጭ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሐይቁን ገጽ እንደ ቀለም ይሸፍነዋል። ይህ ረቂቅ ተክል መሰል ሕይወት የሚፋፋው ውሃው ሲሞቅና ረግቶ ሲቆም ነው።

በሐይቁ ዓሣ ማጥመድ በብክለቱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 ታገደ። በሚያዝያ 2021 መጨረሻ ደግሞ ቢያንስ 40 ቶን የሚመዝን የካርፕ ዓሣ ሞቶ በዳርቻው ተከመረ። የሊታኒ ወንዝ ብሔራዊ ባለሥልጣን መንስኤው ካርፕን ብቻ የሚያጠቃ የቫይረስ ወረርሽኝ መሆኑን ገልጾ፣ በሊታኒ ውሃ በየትኛውም ስፍራ ዓሣ እንዳይጠመድ አስጠንቅቋል። በዓለም ላይ ካርፕን በጅምላ የሚገድሉ የታወቁ የቫይረስ በሽታዎች በሙቀት የሚታዘዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዋነኛው የካርፕ ሄርፐስ በሽታን የሚያስነሣው ውሃው ከ16 እስከ 28 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በቆሻሻና በኦክስጅን እጥረት የተዳከመ ዓሣ በሽታ ሲገባበት የሚቋቋምበት ኃይል አይኖረውም።

ከአራት ዓመት በኋላ ችግሩ በሌላ መልክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሊባኖስ በታሪኳ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋ ድርቅ ገጠማት። የባለሥልጣኑ ዋና ኃላፊ ሳሚ ዓላዊዬ በዚያው ዓመት በሐምሌ እንደገለጹት፣ በዝናቡ ወቅት ወደ ሐይቁ የገባው ውሃ ከ45 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አልበለጠም። የዓመት አማካዩ 350 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በጥልቀቱ የቀነሰ ሐይቅ ፈጥኖ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው ብክለትም ይበልጥ ይጠነክራል።

ለሰው ጥም ወይስ ለዓሣ?

የቀርዑን ነገር ለቤይሩት ነዋሪ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ባጸደቀው ፕሮጀክት፣ ከሊታኒና ከአዋሊ ወንዞች የሚመጣ ውሃ በዋሻ ተስቦ በደቡባዊ ዳርቻዎች ጭምር ለሚኖሩ 1.2 ሚሊዮን ሰዎች እንዲደርስ ታቅዷል። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ለዋና ከተማዋ ትልቁን የመጠጥ ውሃ ድርሻ የሚሰጠው ከቤይሩት በስተሰሜን 18 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው የጄይታ ምንጭ ነው። ናህር አል-ከልብ ዋነኛ ውሃውን የሚያገኘውም ከዚሁ ምንጭ ነው።

የችግሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። የጄይታን ምንጭ የሚመግበው በተራሮቹ ላይ ተከማችቶ ቀስ በቀስ የሚቀልጠው በረዶ ነው። ክረምቱ በሞቀ ቁጥር በበረዶ ፈንታ ዝናብ ይወርዳል፤ ዝናቡም በአንድ ጊዜ ወደ ባሕር ይሮጣል። በረዶው ቀድሞ ስለሚያልቅ ምንጩ በበጋ ይቀንሳል። ከተማዋ ይበልጥ የምትጠማው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። ውሃው ከምንጩ እየተወሰደ ወደ ድባዬ ማጣሪያ ጣቢያ ሲሄድ፣ ለወንዙ የሚቀረው ጥቂት ነው። ዓሣ ቀዝቃዛውን ውሃ አጥብቆ በሚፈልግባቸው ወራት ቀዝቃዛው ውሃ በቧንቧ ውስጥ ይገኛል።

ይህን ያዩ አንዳንዶች «ሰው ተጠምቶ ዓሣ ይጠጣ ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። በየሰፈሩ የቦቴ ውሃ በውድ ዋጋ የሚገዛ፣ ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ስለ ዓሣ እንዲጨነቅ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ምርጫው በሰውና በዓሣ መካከል አይደለም። በሊባኖስ የውሃ መሥመሮች ውስጥ ከሚገባው ውሃ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በተሰነጠቁ ቧንቧዎችና በሕገ ወጥ ቅጥያዎች ምክንያት ሒሳብ ሳይከፈልበት እንደሚቀር የአገሪቱ የውሃ ዘርፍ ሰነዶች ያመለክታሉ። ከወንዙ የጠፋው ውሃ ሁሉ ወደ ሰው ጉሮሮ አልገባም። ቧንቧው ቢጠገን ከሰው ድርሻ ምንም ሳይነካ ለወንዙ የሚተርፍ ውሃ ይገኛል።

አዲስ ግድብ መሥራትም ብቸኛው መፍትሔ እንዳልሆነ የቢስሪ ታሪክ ያሳያል። ለታላቋ ቤይሩት ውሃ ለማቅረብ ታቅዶ የነበረው 125 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የቢስሪ ግድብ ከነዋሪዎችና ከተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት፣ የዓለም ባንክ በመስከረም 2020 የገንዘብ ድጋፉን ሰርዟል። ግድብ የፈሰሰውን ውሃ ያጠራቅማል። የቆመ ውሃ ግን በፀሐይ ይሞቃል፤ የዓሣንም መንገድ ይዘጋል። የተበከለ ከሆነም ዕጣው እንደ ቀርዑን ይሆናል።

ከጣና የሚቀሰም ልምድ

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በጣና ሐይቅ አጠገብ ያደገ ሰው ቆሮሶንና አምባዛን፣ ነጭ አሳንም ለይቶ ያውቃል። የጣና ነጭ አሳ ወገኖች በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባሮች ወጥተው ኦክስጅን በበዛበት፣ ጠጠር ባለው ቀዝቃዛ ውሃ እንቁላል ይጥላሉ። ለመራባት ሲወጡ በወንዞቹ አፍ መረብ ተዘርግቶ ስለጠበቃቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ክምችታቸው በ75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ተጨመረበት።

የጣናና የቤይሩት ውሆች በስፋትም በታሪክም አይመሳሰሉም። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ዓሣው የሚጠፋው በአንዲት ጠባብ በር ላይ ነው። በጣና በሩ የገባሩ ወንዝ አፍና የክረምቱ ወር ነው። በቤይሩት በሩ የበጋው ወርና የቀዝቃዛው ምንጭ ጠብታ ነው። በሩን ጠብቆ መክፈት ሐይቁን ሁሉ ወይም ወንዙን ሁሉ ከመጠበቅ ይቀላል።

ምን ተሠራ? ምንስ ቀረ?

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በዱባይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የመጀመሪያውን ሰፊ የንጹሕ ውሃ ዓሦች ግምገማ አቅርቧል። ከተገመገሙት 14,898 ዝርያዎች 3,086ቱ የመጥፋት አደጋ አንዣቦባቸዋል። በአደጋ ላይ ካሉት 57 በመቶውን ብክለት፣ 45 በመቶውን ግድብና ውሃ መውሰድ፣ ቢያንስ 17 በመቶውን የአየር ንብረት ለውጥ ይጎዳቸዋል። አንድ ዝርያ በብዙ ምክንያቶች ስለሚጎዳ ድምሩ ከመቶ ያልፋል። ከቁጥሮቹ የሚታየው እውነት ሙቀት ብቻውን እምብዛም እንደማይገድል ነው። በብክለትና በውሃ እጦት የተዳከመውን አግኝቶ ይጨርሳል። በመሆኑም ዓለም ሙቀቱን እስክትቀንስ ሳይጠበቅ በየአገሩ ሊሠራ የሚችል ብዙ ሥራ አለ።

በሊባኖስ ሕጉ አዲስ አይደለም። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣቸው ውሳኔዎች የናህር ቤይሩትን ሸለቆ፣ ናህር አል-ከልብን፣ ዳሙርንና አዋሊን ጥበቃ የሚደረግላቸው የተፈጥሮ ስፍራዎች ብሎ መድቧቸዋል። ከወረቀቱ ወደ ወንዙ የደረሰው ግን ጥቂት ነው። ትናንሽ ጅምሮች መኖራቸው ተስፋ ይሰጣል። በሲን ኤል ፊል በናህር ቤይሩት ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2019 በአርክቴክቱ አዲብ ዳዳ አነሣሽነት በአገር በቀል ዛፎች ትንሽ ደን መተከል ተጀምሯል። ዛፍ በወንዝ ዳር ጥላ ነው፤ ጥላም ለዓሣ ቅዝቃዜ ነው።

በበቃዕ ደግሞ የሊባኖስ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ «ሒማ» የተባለውን ጥንታዊ ሥርዓት አድሷል። ሒማ በዓረብ ምድር የቆየና በእስልምና ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል የተስተካከለ ልማድ ሲሆን፣ አንድ የግጦሽ ወይም የውሃ ስፍራ ከብክነት ተጠብቆ ማኅበረሰቡ በወሰነው መጠን ብቻ እንዲጠቀምበት ያደርጋል። በዚህ መንገድ በምንጭ ውሃ የሚመገቡት የከፍር ዘበድና የአንጃር ረግረጋማ ስፍራዎች ጥበቃ አግኝተዋል። የሥርዓቱ ጥንካሬ ጥበቃውን ከሩቅ መሥሪያ ቤት ይልቅ ውሃውን በየዕለቱ ለሚያየው ሰው አደራ መስጠቱ ነው።

ለዋና ከተማዋ ወንዞች የሚያስፈልገውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ቧንቧዎችን መጠገን፣ በየወንዙ በበጋ ሳይነካ መፍሰስ ያለበትን አነስተኛ የውሃ መጠን መወሰን፣ ፍሳሽን ከወንዝ በፊት ማጣራት፣ በሲሚንቶ ፈንታ ዛፍና ጠጠር መመለስ የሚሉት ሥራዎች ለዓሣ የሚጠቅሙትን ያህል ለሰውም ይጠቅማሉ። በየቤቱ የሚሠራ ሥራም አለ። የጥብስ ዘይትና የጽዳት ኬሚካል ወደ ፍሳሽ ከመድፋት መቆጠብ፣ ከየት እንደተጠመደ የማይታወቅ ካርፕ ከገበያ አለመግዛት በማንም እጅ ያለ ጥንቃቄ ነው።

በመከር የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ በወንዞቹ ውስጥ ለዓመታት ያደጉት ኢሎች በጨለማ ሌሊት ወደ ባሕር መውረድ ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት ግን የነሐሴንና የመስከረምን ሙቀት በሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተሸሽገው ማለፍ ይኖርባቸዋል። ለቤይሩት ወንዞች የሚደረገው ጥበቃ ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው፤ በመስከረም መጨረሻ በናህር አል-ከልብና በዳሙር አፍ ላይ ወደ ባሕር የሚደርስ ቀዝቃዛ ውሃ መኖሩና አለመኖሩ።